ሽቅብ የወጣው ቁስል

ለመሆኑ የአንድ ሰው ዕድሜ ገለባው ከፍሬው ተለይቶ ሲሰፈር ስንት ቁና ይሞላል? የታላላቆቹን ዘመን የሚሰፍርላቸው አይጠፋም፤ የአትክልተኛን ዕድሜ ግን ማን ይሰፍረዋል? ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ፣ በአንድ መቀስ፣ ሠላሳ ስድስት ጽጌረዳ ሲገርዝ የኖረ ሰው፣ አበባው ረግፎ ቅጠሉ ተጠርጎ ሲያበቃ ምን ቀረው ይባላል? መልሱን የሚያውቅ ካለ እሰየው። ይህኛው ሰው ግን አንድ ነገር ቀርቶለት ነበር። አበባ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሽ መቀስ» ይለዋል። መቀሱ ከቀኝ እጁ የበቀለ ይመስል ነበር፤ ሲናገር በሱ ይጠቁማል፣ ሲስቅ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፣ ሲናደድም ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፤ ልዩነቱን የሚያውቁት የቆዩ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሰው ፊርማና ማኅተም ፍለጋ የሚመላለስበት ቤት ነው። ከውጭው በር እስከ ሕንፃው ደረጃ የሚያደርሰው መንገድ ቁልቁለት ነው። በግራውም ዐሥራ ስምንት፣ በቀኙም ዐሥራ ስምንት ጽጌረዳ ተተክሏል።

ጋሽ መቀስ ሥራውን የሚጀምረው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ካለችው ከመጀመሪያዋ የግራ ጽጌረዳ ነው። የግራውን ረድፍ እየገረዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደረጃው ሥር ሲደርስ ይሻገራል፤ የቀኙን ረድፍ እየገረዘ ሽቅብ ይወጣል። መጨረሻው የዕቃ ማስቀመጫው ጓዳ በር ላይ ነው፤ እዚያ አንድ እግሯ የተጠገነ ወንበር አለችው።

«ጋሽ መቀስ፣ አንድ ቀን እንኳ ከቀኝ ቢጀምሩ ምን ይሆናሉ?» ይሉታል።

«እግሬ አያውቀውም» ይላል።

ከአንዱ ጽጌረዳ ወደ ሌላው ሲያልፍ መቀሱን ጭኑ ላይ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ይጠርገዋል። ይህም እንደ መንገዱ ሁሉ ልማድ ነው። የሱሪው ቀኝ ጭን ከዛፍ ደም ብዛት ጠቁሮና ደድሮ ቆዳ መስሏል። የቆረጠውንም ጭራሮ እዚያው ሥሯ ይተወዋል፤ «የራሷ ነው፣ ራሷ ትብላው» ነበር ፈሊጡ።

የመከራው መጀመሪያ ያቺው የመጀመሪያዋ የግራ ጽጌረዳ ሆነች። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ አንዱ ቅርንጫፏ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሐምራዊ ነጥብ አየ። ከቁም ነገር አልቆጠራትም። በሦስተኛው ሳምንት ነጥቧ ሰፍታ መሀሏ አመድ መስሎ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ ይመስል ጥቃቅን ጥቁር ነገር ፈሰሰበት። ከቁስሉ በላይ ያለው ቅጠል ጠወለገ፣ እንቡጡ ሳይፈታ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። ዓመት ሳይሞላ በሽታው የግራውን ረድፍ እየተከተለ እንደ እንግዳ በየደጁ አንኳኳ።

ጋሽ መቀስ ጥፋተኛ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ፣ ሁሉም «ባለባልዲዋ» የሚላት ሴት፣ ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያ በር ላይ ያለችውን የዘበኛ ቤት ታጥብና ባልዲዋን ያቺው የመጀመሪያዋ ጽጌረዳ ሥር ትደፋለች። ውኃው ደግሞ ቁልቁለት ሲያገኝ የግራውን ረድፍ ይዞ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

«አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ! ይቺ ጽጌረዳ ናት እንጂ ቱቦ አይደለችም!»

«ኧረ ጋሼ፣ እጣቢ ነው እኮ የደፋሁት፤ የፈላ ዘይት አስመሰሉት!»

«በረኪና ያለበት እጣቢ!»

«በረኪና ጀርም ነው የሚገድለው። አበባ ምን ያደርጋል?»

«ጀርሙ አንቺ ነሽ!»

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ባዶ ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትሄድ ግን ዘወር ብላ፣ «እኔ ጀርም ከሆንኩ እርስዎ ምንድን ነዎት? ሐኪሙ?» አለችው። መቀሱ ቀጭ ቀጭ አለ። ያኛው የሳቁ አልነበረም።

ይህ ሁሉ በቃል የቀረ ቢሆን ኖሮ ክፉ አልነበረም። በቃል የተጣላ ሰው በቃል ይታረቃል፤ ነገ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ሲባባል ግማሹ ይረሳል። ነገር ግን አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊው ከእንግዶች ጋር ሲገባ አንደኛው እንግዳ የደረቀውን ረድፍ አይቶ፣ «ይሄ እንዲህ እንዲሆን ታስቦ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኃላፊው እንግዶቹን ከሸኘ በኋላ ጋሽ መቀስን አስጠራው።

«ምንድን ነው ነገሩ? ግቢው እኮ መቃብር መሰለ።»

«እጣቢ ነው ጌታዬ። በረኪና ይደፋባቸዋል።»

«ማን?»

ጋሽ መቀስ ነገረው።

«በጽሑፍ አምጡልኝ።»

ሰው ሲጨንቀው ጣቱን ከራሱ አርቆ ነው የሚጠቁመው። ጋሽ መቀስም ያን ዕለት ጓዳው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያሳደገው ነገር ዓይኑ እያየ ሲሞትበት አንድ የሚወቀስ ፊት ቢኖር ይሻለው ስለነበረ ነው። ፊት የሌለው ጠላት ከባድ ነው።

በሁለት ሳምንቱ ባለባልዲዋ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ከማስጠንቀቂያው ጋርም ከከተማው ጫፍ ወዳለው መጋዘን ተዛወረች። በወጣችበት ቀን ባልዲዋን ሳይሆን ቦርሳዋን ይዛ ጋሽ መቀስ አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። አንድ አውቶቡስ ነበር የምሳፈረው፤ ሁለት አደረጉልኝ።»

እሱ ቀና አላለም። ከፊቱ አንድ የደረቀ ግንድ ነበረ፤ ቆረጠው።

ዓመት አለፈ። እጣቢ የሚደፋ ሰው በሌለበት ግቢ የግራው ረድፍ እስከ መጨረሻው ታመመ፤ ቀጥሎም ቁስሉ መንገዱን ተሻግሮ በቀኙ ረድፍ ላይ ታየ። ጋሽ መቀስ «አፈሩ ጠጥቶት ነው» አለ። ሲጠይቁትም ሳይጠይቁትም «አፈሩ ጠጥቶት ነው» ይል ጀመር። ደከመው። እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ድካም ነበር።

አንድ እሑድ የታመመ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይዞ ቤቱ ገባና ምሳ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብራው የምትኖር አንዲት ልጅ አለችው፤ ሥራዋ በጤና ጣቢያ ቁስል ማጠብና መጠገን ነው።

«አባዬ፣ ይህን ነገር ከምግብ ፊት አንሳልኝ!» አለች። ልታነሳው ስትል ግን ዓይኗ ቀረበት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። «ቁስል ነው እኮ ይሄ። ዳር ዳሩ ቀልቷል፣ መሀሉ ሞቷል። በምንድን ነው የምትቆርጠው?»

«በመቀሴ ነዋ። በጥርሴ ልቁረጠው?»

«ከታመመው ወደ ጤነኛው ስታልፍስ?»

«እጠርገዋለሁ።»

«በምን?»

የጋሽ መቀስ እጅ ወደ ጭኑ ሄደ። ልጁም ሱሪውን አየች፤ ስንት ዓመት በሳሙና ስትታገለው የኖረችውን ያንን የጠቆረ ጭን።

«ወይ አባዬ! እኛ ጋ አንድ ሰው ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው በዚያው መቀስ ቢያልፍ ያንኑ ዕለት ነው የሚባረረው።»

«ያ ሰው ነው። ይሄ ግንድ ነው።»

«ቁስል ቁስል ነው አባዬ። ብላ አሁን፣ ቀዘቀዘ።»

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልጀመረም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከላይ ወደ ታች ግቢውን አየ። የግራው ረድፍ ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ ከላይ ወደ ታች በተራ ታሟል። የቀኙ ደግሞ ከደረጃው ጀምሮ ከታች ወደ ላይ በተራ ታሞ ዐሥራ ሁለተኛዋ ላይ ደርሷል። ከእሱ ወንበር አጠገብ ያሉት ስድስቱ ብቻ ገና ጤነኛ ናቸው።

ውኃ በግራ በኩል ሊወርድ ይችላል፤ ይሁን። ግን ውኃ ተሻግሮ በቀኝ ሽቅብ ይወጣል? የባልዲ እጣቢ ዳገት ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል? በዚህ ግቢ ውስጥ በግራ ወርዶ፣ ደረጃው ሥር ተሻግሮ፣ በቀኝ ሽቅብ የሚወጣ አንድ ፍጡር ብቻ ነው ያለው። እሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ራሱ እየተፈታ መጣ። በሽታው ከመታየቱ በፊት በነበረው ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የአስተዳደር ኃላፊው በመኪናው ወስዶ መኖሪያ ቤቱ ያሉትን ጽጌረዳዎች አስገርዞት ነበር። ግንዳቸው የተሰነጠቀ፣ ግማሽ ጎናቸው የደረቀ ነበር። «ዘር ነው፣ ክፉ ዘር» ብሎ ገርዟቸው፣ መቀሱን ጭኑ ላይ ጠርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰኞ ጠዋት በዚያው መቀስ፣ ከዚያችው ከመጀመሪያዋ የግራ ጽጌረዳ ጀመረ።

እስኪረፍድ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም። ሲነሳ የሄደው ወደ ጽዳት ዕቃ ጓዳ ነው። ባለባልዲዋ ትታው የሄደችው ግማሽ ጠርሙስ በረኪና መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ዘጠኝ እጅ ውኃ፣ አንድ እጅ በረኪና አድርጎ በቆርቆሮ በጠበጠ። ያን ሁሉ ዓመት እግሩ የማያውቀውን ከቀኝ ጀመረ፤ ከጤነኞቹ ወደ ታመሙት፣ ከላይ ወደ ታች። እግሩ ሁለቴ ወደ ግራ ሊወስደው ቃጣ። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ መቀሱን ይነክራል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃል፣ ከቁስሉ ወረድ ብሎ ልቡ ነጭ እስኪሆን ይቆርጣል። ጭራሮውን ሰብስቦ ከግቢው ጥግ አቃጠለ። በረኪናው መቀሱን እንዳይበላው ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት አጥቦ ዘይት ቀባው።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ስድስቱ እንደ ጸዱ ቀሩ። ከዐሥራ ሁለቱ ሦስቱ ከሥራቸው አዲስ ቀይ ቀንበጥ አወጡ። በግራ ያሉት ሁሉም ሞተዋል። ስለዚህ ነገሩ እርግጥ ነው፤ መድኃኒቱም በዚያች ሴት ባልዲ ውስጥ ነበረ።

ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ መጋዘኑ ደረሰ። ባለባልዲዋን ደረጃ ስትወለውል አገኛት፤ አንድ ጉልበቷን ሻሽ አስራበታለች። አየችውና መወልወያውን አቆመች።

«ጋሼ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ጽጌረዳዎቹ ናቸው።»

«እነሱንማ የገደልኩት እኔ ነኝ ተብሏል። ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ።»

«እኔ ነኝ» አለ። «መቀሱ ነው። አንቺ የለሽበትም።» ከዚያም ሁሉንም ነገራት፤ የግራውን፣ የቀኙን፣ ውኃ ሽቅብ አለመውጣቱን፣ በረኪናዋን። እጁ መቀስ ስላልያዘ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

እሷ መወልወያዋን ጨምቃ ከደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እኔ አለመሆኔንማ አውቅ ነበር። የማላውቀው ማን እንደሆነ ነው።»

«ይቅር በይኝ።»

«ጋሼ፣ ሲከሱኝ በጽሑፍ ነው። ሲታረቁኝ በቃል ነው?»

ባዶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ያው ድካም ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እግር ዳና ስጠርግ ኖርኩ። አንድ ሰው ‹ይቺ ሴት ደህና ጠረገች› ብሎ አንድ መስመር ጽፎልኝ አያውቅም። ስለ እኔ የተጻፈ ወረቀት ያ ብቻ ነው፤ የእርስዎ። አንድ ቀን ልጆቼ መዝገቤን ቢያወጡ የሚያገኙት እሱን ነው። ያንን ያስወጡልኝና ይቅር ብያለሁ። አሁን እግርዎን ያንሱልኝ፣ የወለወልኩትን ረገጡት።»

ጋሽ መቀስ ያን ሳምንት ማመልከቻ ጻፈ። እንደ ክሱ ግማሽ ገጽ አልበቃውም፤ ሁለት ገጽ ሆነ። ኃላፊው ጋ ይዞ ገባ። ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ።

«ጋሽ መቀስ፣ ሦስት ወር ነው የቀረዎት። በሰላም ወጥተው አያርፉም? ራሱን ከስሶ ጡረታ የሚወጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» እየሳቀ ማንበቡን ቀጠለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ። «ይህቺ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«በሽታው የመጣው ከዚያ ነው ጌታዬ።»

«ያውጧት።»

ጋሽ መቀስ ወረቀቱን ቤቱ ወስዶ ቅዳሜዋን አወጣት። ብዙ ግንድ ቆርጧል፤ ጤነኛ ግንድ አውቆ ሲቆርጥ ግን የመጀመሪያው ነበር። መልሶ ሲያመጣው ኃላፊው በጥሞና አነበበ።

«ጥሩ ነው። ግን በሽታው ከየት እንደመጣ አያስረዳም። ምንጩ ባልታወቀ ነገር ላይ እንዴት ውሳኔ ይሰጣል?»

በመጨረሻ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። እዚያ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከመደርደሪያዎቿ ጋር አብራ ያረጀች ሴት አለች።

«ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ አይወጣም ጋሼ» አለችው። «እዚህ መግባት እንጂ መውጣት የለም።»

«እንግዲያው ይሄኛውን ከጎኑ አስገቢልኝ።»

«ይሄ የሚገባው በእርስዎ መዝገብ ነው። ስለ እርስዎ ነው የሚያወራው።»

«ያኛውንም እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ያኛው ክስ ነው። ክስ የተከሳሹ ነው። ይሄ ኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜ የተናዛዡ ነው።» ከዚያ መነጽሯን አውልቃ እንደ ሰው አየችው። «እኔ ምን ላድርግ ጋሼ? እኔ ቁጥር ነው የምሰጠው።»

ሐሰት ከእውነት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ ቀድሞ መድረስ። ቀድሞ ይደርሳል፣ ቁጥሩን ይቀበላል፣ ቦታውን ይይዛል። እውነት እያነከሰች ስትደርስ «ቦታው ተይዟል» ትባላለች። ጋሽ መቀስ ይህን ያህል አላሰበም ይሆናል፤ ደረጃውን ሲወርድ ያሰበው ጉልበቱን ነበር።

ጡረታ በወጣበት ቀን በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ለስላሳ ተከፈተ። ኃላፊው «ግቢያችንን ያስዋቡ ታላቅ ባለሙያ» ብሎ ንግግር አደረገና በሪባን የታሰረ አዲስ የመግረዣ መቀስ ሸለመው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በመስኮቱ ቁልቁል ሲታይ በግራው ረድፍ ቦታ ሲሚንቶ ፈስሷል፤ በቀኙ ረድፍ ዘጠኝ ጽጌረዳ ቆሟል።

«ጋሽ መቀስ ይናገሩ! ይናገሩ!»

እሱ አዲሱን መቀስ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠና ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ቅዳሜዋንም መልሶ አስገብቷት ነበር። መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ አንዱ «እስከ መጨረሻው ቀልደኛ!» አለ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሁሉን ቀድሞ ያጨበጨበው ኃላፊው ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሴት ብቻ ጠርሙሷን እንደያዘች ወለሉን ታይ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባለባልዲዋም ጡረታ ወጣች። ደብዳቤው ዛሬም ከነቁጥሩ በእሷ መዝገብ ውስጥ ነው። የእሱ ማመልከቻ በእሱ መዝገብ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው መስመርም እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ በእኔ እጅ የተጻፈው ክስ ከእሷ መዝገብ ወጥቶ በእኔ መዝገብ እንዲቀመጥልኝ፣ ጽጌረዳዎቹን የገደልኳቸው እኔ መሆኔ ተጽፎ ለእሷ እንዲደርሳት በትሕትና እጠይቃለሁ።»